ኤስኤፍ4ን በድንችና በስንደዶ መሥራት

ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ፣ የሞለኪውል ሞዴል የሌለው ክፍል ድንችና ስንደዶ አያጣም። ሰልፈር ቴትራፍሎራይድን (ኤስኤፍ4) እንሥራ፤ ድንቹ አቶም፣ ስንደዶው ትስስር ይሁን።

አስቀድማችሁ ቁጠሩ፦ ከሰልፈር 6፣ ከአራቱ ፍሎሪን 28፣ ድምሩ 34 ቫለንስ (የውጪው ቅርፊት) ኤሌክትሮን። አራቱ ትስስሮች 8፣ ፍሎሪኖቹ 24 ይወስዳሉ። የቀረው 2 ሰልፈሩ ላይ ያልተሳሰረ ጥንድ ነው። አራቱ ትስስሮችና ይህ ጥንድ አምስት አቅጣጫ ይይዛሉ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያሉት ሁለቱ ዘንጉ፣ በመሃል ዙሪያውን ያሉት ሦስቱ ወገቡ ናቸው። ጥንዱን ወገቡ ላይ አድርጉት፤ እዚያ በ90 ዲግሪ ግድም የሚጎረብቱት ሁለት ትስስሮች ብቻ ናቸው፣ ዘንጉ ላይ ግን ሦስት ይሆኑበታል።

1 አንግስትሮምን (የአቶሞች ርቀት መለኪያ) 5 ሴንቲሜትር አድርጉ። የዘንጉ ትስስር 1.646 አንግስትሮም ስለሆነ 8.2 ሴንቲሜትር፣ የወገቡ 1.545 ስለሆነ 7.7 ሴንቲሜትር፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቁረጡ። ልኩ ከመሃል እስከ መሃል ነውና ድንቹን በወስፌ ብሱና ስንደዶውን እስከ እምብርቱ አስገቡ። ስንደዶው ከተልመጠመጠ ለአንድ ትስስር ሦስት እኩል ስንደዶ አንድ ላይ እሰሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማዕዘኑ ላይ ነው፤ 180 እና 120 ያደርገዋል። ያልተሳሰረው ጥንድ ስለሚገፋ ዘንጉ 173፣ ወገቡ 102 ዲግሪ ያህል ነው።

ዘንጉ ለምን ረዘመ? «ኤስፒ3ዲ» የሚለው መልስ (የሰልፈር ኤስ፣ ፒና ዲ ኦርቢታሎች፣ ማለትም የኤሌክትሮን ማረፊያዎች፣ ይቀላቀላሉ የሚለው) ቅርጹን ለማስታወስ ይረዳል እንጂ ትስስሩን አይገልጽም፤ የሰልፈር ዲ ኦርቢታሎች ጉልበታቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ድርሻቸው ትንሽ ነው። ይልቅ አንድ የሰልፈር ፒ ኦርቢታል ከሁለቱ የዘንግ ፍሎሪኖች ጋር ሦስት ሞለኪውላዊ ኦርቢታል ይሠራል። አራት ኤሌክትሮኖች አሳሳሪውንና ገለልተኛውን (የማያሳስርም ትስስር የማያፈርስም) ይሞላሉ። የገለልተኛው ጥንድ የሚያርፈው ፍሎሪኖቹ ላይ ነው። ስለዚህ ለሁለት ትስስር የሚደርሰው አንድ አሳሳሪ ጥንድ ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ።