ደሴንና ኮምቦልቻን በብስክሌት ለመዞር፦ መንገዱን በከፍታ መቁጠር

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሜዳ ቢሆን ኖሮ ብስክሌት የለመደ ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሰው ነበር። ነገር ግን ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ በመካከላቸው ከ600 ሜትር በላይ ልዩነት አለ፤ ሐረጎ ላይ ያሉት ጠመዝማዛዎች የዚህን ልዩነት ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። በዚህ አካባቢ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ስለዚህ አስቀድሞ ምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይወቅ፤ ኪሎ ሜትሩን ከዚያ በኋላ ቢቆጥር ይበቃዋል።

ጀማሪ ከሆኑ ልምምድዎን በኮምቦልቻ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ከተማዋ በአብዛኛው ሜዳ ላይ ያረፈች በመሆኗ ማርሽ መቀያየርን፣ ከባጃጅና ከከባድ መኪና ጋር መንገድ መጋራትን፣ በአንድ እጅ መሪ ይዞ በሌላው ምልክት መስጠትን ያለ ድካም ይማሩባታል። ከዚያም የቦርከናን ሸለቆ ተከትሎ በስተደቡብ ወደ ሐርቡ የሚወስደውን አስፋልት ይሞክሩ። ሲሄዱ እየለዘበ የሚወርድ፣ ሲመለሱ ግን ጉልበትዎን በልኩ የሚፈትን መንገድ ነው። ፀሐዩ ስለሚበረታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ከ4 ሰዓት በፊት መመለስ ይሻላል።

ወደ ሐረጎ ከመውጣትዎ ወይም ከሐረጎ ከመውረድዎ በፊት ፍሬንዎን ይመርምሩ። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት መስመሮች ጠፍተው ከሆነ ያስቀይሩት፤ የፍሬኑ ሽቦ ጫፉ ላይ ተበጣጥሶ ከሆነ ለአንድ ቀን እንኳ አይታመኑበት። እኔ ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ቁልቁለቴ ነው። ከደሴ ወርጄ ሐረጎ ላይ ስደርስ ፈርቼ ስለነበር ሁለቱንም ፍሬኖች ጨምድጄ ይዤ ቆየሁ፤ ጥቂት ኩርባዎች እንዳለፍኩ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፣ ወዲያውም የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ቸርኬውን ስነካው ጣቴን ፈጀኝ። ሙቀቱ በከመነዳሪው ላይ የነበረውን የድሮ ልጣፊ አላቆት ኖሯል።

በመንገዱ ዳር በሬዎቻቸውን ይዘው ያልፉ የነበሩ አንድ አባት «አብሽር፣ ልጄ» ብለው ከቤታቸው ውኃ በሳፋ አመጡልኝ። ከመነዳሪውን በጥቂቱ ነፍተን ውኃው ውስጥ ስናሽከረክረው ከልጣፊው ጠርዝ ጥቃቅን አረፋ በተከታታይ ወጣ። ቦታውን አድርቄ፣ የድሮውን ልጣፊ ልጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፤ ማስቲሹንም ቀብቼ በጣት ሲነካ መጣበቁን እስኪተው ጠበቅሁ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ ልጣፊ አሥር ኪሎ ሜትር አይዘልቅም። ከመነዳሪውን ከመመለስዎ በፊትም የጎማውን የውስጥ ገጽ በአውራ ጣትዎ ዙሪያውን ቀስ ብለው ይዳስሱ፣ የቀረ እሾህ ካለ ያን ጊዜ ያገኙታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልቁለት ስወርድ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ጨበጥ፣ ለቀቅ እያደረግሁ እፈርናለሁ፤ በረጅሙ ቁልቁለት መሐል አንድ ሁለት ጊዜ ቆሜ ቸርኬውን አቀዘቅዛለሁ። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ልጣፊ፣ ማስቲሽ፣ መንፊያና ቁልፍ ሳልይዝም አልወጣም፤ ጎሚስታ የሚገኘው በከተሞቹ ውስጥ ነው።

ደሴ ሲገቡ የመጀመሪያውን ቀን ለከተማዋ ይስጡ። ከቆላ የመጣ ሰው ደረቱ ከደሴ አየር ጋር እስኪስማማ አንድ ሁለት ቀን ያስፈልገዋል፣ ከተማዋም ይህን ቀን ታስቆጫለች ማለት አይቻልም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ በስሙ ብቻ ስለ ወሎ አንድ ነገር ይናገራል፤ የመጣውን እንግዳ ሁሉ አይጠየፍም ነውና። የጦሳ ተራራ በስተምዕራብ ከፍ ብሎ ስለሚታይ አቅጣጫ ለመለየትም ያግዛል። ጠዋት ላይ ጉም ከተማዋን የሚሸፍንበት ጊዜ ብዙ በመሆኑ የፊትና የኋላ መብራት ሳይኖር አይንዱ፤ ጉሙ ከወፈረ ግን መብራትም ስለማይበቃ ሻይ ቤት ገብቶ እስኪገፈፍ መጠበቅ ነው።

በሁለተኛው ቀን ቦሩ ሜዳን እመክራለሁ። ከደሴ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ደጋማ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛና ምኒልክ በተገኙበት ታላቁ የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደበት ስፍራ ነው። ለብስክሌተኛ መልካምነቱ ዳገቱን ጨርሰው ከወጡ በኋላ ሜዳው ለእግር እረፍት መስጠቱ ነው፤ ነፋሱ ግን ብርዳም ስለሆነ ላብዎ ሳይቀዘቅዝ ወፍራም ልብስ ይደርቡ።

የአካባቢው ምርጥ የአንድ ቀን ጉዞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚደረገው ነው። ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ወደ ሐይቅ ከተማ በጠቅላላው እየወረደ ይሄዳል፣ ውኃው ከሩቅ ሲታይም ድካም ይረሳል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመበት መሬት ጥንት ደሴት ሲሆን ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ የብዙ መነኮሳትና ሊቃውንት መፍለቂያ የሆነ ገዳም ነው። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ በቡድን የሚሄዱ ሰዎች ይህን አስቀድመው ተነጋግረው ይውጡ። ከቅጥሩ በፊት ከብስክሌት ወርደው እየገፉ ይሂዱ፤ የብስክሌት አጭር ሱሪም ለገዳም አይሆንምና ረጅም ሱሪና ነጠላ በቦርሳ ይያዙ።

መመለሻው ዳገት ስለሆነ ሚኒባስ መሳፈር ነውር የለውም። ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይስማሙ። ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ እንዲተኛ ያድርጉ፤ ከሌላ ጭነት በታች እንዳይውልም አስሮ እስኪጨርስ አጠገቡ ይቁሙ። ሁለት ቀን ያለው ሰው ከሐይቅ አልፎ፣ የአምባሰልን ተራሮች እያየ ወደ ውጫሌ መቀጠል ይችላል፤ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ወራቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ይበረታል፤ ወሎ የበልግ ዝናብም ስላለው ከየካቲት በኋላ ከሰዓት በኋላ መንዳት ያሰጋል። የበዓላት ቀናትን አስቀድሞ ማወቅም ይጠቅማል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል ከየአገሩ ምእመናን ስለሚጎርፉ በዋዜማዎቹ የደሴና የወልዲያ መንገድ በመኪና ይጨናነቃል፤ በጥምቀት ደግሞ ብስክሌትን ቤት አስቀምጦ ታቦቱን በእግር መሸኘት ይሻላል። ከሁሉም በላይ፣ ከከተማ ክልል ከመውጣትዎ በፊት የዚያን ቀን መንገዱ ሰላም መሆኑን በመናኸሪያ ከሾፌሮችና ከአካባቢው የጸጥታ ኃላፊዎች ይጠይቁ፤ የትናንት ወሬ ለዛሬ አይበቃም።

ባቲን ለመጨረሻ ያቆየሁት በኮምቦልቻና በደሴ የሠለጠነ ጉልበት ስለሚፈልግ ነው። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መድረሻው ከመነሻው ዝቅ ቢልም በመካከሉ ዳገቶች አሉ። በአፋር ወዳለችው ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወስድ መንገድ ስለሆነ ባለ ተሳቢ መኪኖች ይበዙበታል፤ ከኋላ ድምፃቸውን ሲሰሙ ቀኝ ጠርዝ ይያዙ፣ መሪውን አጥብቀው ይጨብጡ፤ ሲያልፉ የሚፈጥሩት ነፋስ ወደ መሐል ይስባልና። የሚሄዱት ሰኞ ይሁን፤ ገበያው የሚቆመው በዚያን ቀን ነው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ግመሉን፣ ከብቱንና እህሉን ይዞ ይገናኝበታል። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ ባቲና አምባሰል ተብለው በዚሁ አገር ስም ሲጠሩ፣ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ በብስክሌት ማየት መቻል ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ገበያው ውስጥ ብስክሌት መንዳት አይቻልም፤ መግቢያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ጠይቀው በአደራ ያስቀምጡ፣ በሶዎን በጥብጠው ይጠጡ። ወደ ኮምቦልቻ የሚመለሰውን መኪናም እስከ 8 ሰዓት ድረስ ይያዙ፤ ገበያው ሲበተን ጣሪያው በሙሉ በጭነት ይሞላና ለብስክሌት ቦታ አይገኝም።