የቶር አቀባባይ ሰርቨር ፖርቶችን ሲያዋቅሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰዎች ማንነታቸውን ደብቀው ኢንተርኔት እንዲጠቀሙ ለሚያስችለው ለቶር ኔትወርክ አቀባባይ ሰርቨር፣ ማለትም የሌሎችን ግንኙነት ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ኮምፒውተር፣ የሚያቆም ሰው ክፍያ አይቀበልም፤ የሚጠቀሙበትም ማን እንደረዳቸው አያውቁም። እንዲህ ያለው በጎ ሥራ በፖርት (ግንኙነት የሚገባበትና የሚወጣበት ባለቁጥር በር) ስህተት ምክንያት ከንቱ ሲቀር ያሳዝናል። ሶፍትዌሩ ተጭኗል፣ ሰርቨሩ ሌት ተቀን በርቶ ያድራል፣ ኪራዩም ይከፈላል፤ የሚያልፍበት ግንኙነት ግን የለም።

ዋናው ስህተት ፖርቱን በማዋቀሪያው ፋይል ላይ ጽፎ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ኦአርፖርትን (አቀባባዩ የቶርን ግንኙነት የሚቀበልበትን ፖርት) 9001 ብለው ሲጽፉ ቶር በዚያ ፖርት ላይ ያዳምጣል፤ ከውጭ የመጣውን ግንኙነት ወደዚያ ማድረስ ግን የሌሎች ድርሻ ነው። በመጀመሪያ የሰርቨሩ የራሱ ፋየርዎል (ግንኙነትን የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ ማጣሪያ) አለ። በኪራይ የተያዘ ሰርቨር ከሆነ ብዙ አከራዮች በአስተዳደር ገጻቸው ላይ ሌላ ፋየርዎል ያስቀምጣሉ፤ አንደኛውን ከፍቶ ሁለተኛውን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። ሰርቨሩ ከራውተር ጀርባ ከተቀመጠ ደግሞ ራውተሩ ፖርቱን ወደዚያ ማሽን እንዲያስተላልፍ መዋቀር አለበት። የማሽኑም የውስጥ አይፒ አድራሻ ቋሚ ይሁን፤ አለዚያ አድራሻው በተቀየረ ዕለት ራውተሩ ግንኙነቱን ማንም ወደሌለበት ይልካል። የሚከፈተው ቲሲፒ የተባለው የመገናኛ ደንብ ብቻ ነው፤ አቀባባይ ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በእሱ ስለሆነ ዩዲፒ የተባለውን ሌላ ደንብ መክፈት አያስፈልግም።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት ፖርቱን ከራሱ ከሰርቨሩ ላይ ሆኖ መፈተን ነው። ከውስጥ የተፈተነ ፖርት ፋየርዎሉ ቢዘጋውም ክፍት ሆኖ ይታያል። ደግነቱ ቶር ሲነሣ በኔትወርኩ በኩል ዞሮ የራሱን ኦአርፖርት ከውጭ ለማግኘት ይሞክራል፤ ሲሳካለትም ፖርቱ ከውጭ እንደሚደረስበት የሚገልጽ፣ ‹ኤክሰለንት› የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ያለበት መስመር በሎጉ (በሥራ መዝገቡ) ላይ ይጽፋል። ይህን መስመር ሳያዩ ከሥራው አይነሡ። ፍተሻው እስኪሳካ ድረስ ቶር የሰርቨሩን መግለጫ (አድራሻውንና ፖርቱን ለኔትወርኩ የሚያሳውቀውን ጽሑፍ) አያወጣም፤ ስለዚህ ማንም ሊያገኘው አይችልም። አንዳንድ ሰዎች ትዕግሥት ሲያጡ ፍተሻውን የሚያስቀረውን ‹አሲዩምሪቸብል› የተባለ አማራጭ ያበራሉ። ይህ ሎጉን ጸጥ ያሰኘዋል እንጂ የተዘጋውን ፖርት አይከፍተውም። ማውጫ ባለሥልጣናት የሚባሉት ሰርቨሮች እያንዳንዱን አቀባባይ ራሳቸው እየሞከሩ ነው በየሰዓቱ በሚወጣው የጋራ ዝርዝር ላይ ‹እየሠራ ነው› የሚል ምልክት የሚሰጡት።

ሌላው ችግር ወደ ውጭ በሚሄደው በኩል ነው። ጠንቃቃ አስተዳዳሪዎች ሰርቨራቸው ድረ ገጾች በሚጠቀሙባቸው በ80 እና በ443 ፖርቶች ብቻ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ለሌላ አገልግሎት ይህ ያስመሰግናል፤ ለአቀባባይ ሰርቨር ግን ጎጂ ነው። የተቀሩት አቀባባዮች ባለቤቶቻቸው በመረጧቸው የተለያዩ ፖርቶች ላይ ናቸው፤ ሰርቨርዎም ሁሉንም መድረስ አለበት። የሚደርሰው ከፊሎቹን ብቻ ከሆነ በእሱ በኩል የሚሠሩ መንገዶች ያለ በቂ ምክንያት ይሰናከላሉ፤ ተጠቃሚው የሚያየው ደግሞ ‹ቶር ዘገየ› የሚለውን ብቻ ነው። የግንኙነቱ ብዛትም ይታሰብ። የቶር ፕሮጀክት አንድ አቀባባይ ቢያንስ 7,000 ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ መያዝ እንዲችል ይጠይቃል። ይህ ለተራ የቤት ራውተር ከባድ ሸክም ስለሆነ ፖርቱ በትክክል ተከፍቶም ራውተሩ ሊንገዳገድ ይችላል።

443ን ለኦአርፖርት መምረጥ መልካም ነው፤ ጥብቅ ፋየርዎል ባለበት ቦታ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ በዚህ ፖርት መውጣት ይችላሉ። ሆኖም በዚያው አድራሻ ላይ የድረ ገጽ ሰርቨር ይዞት እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። በሊኑክስ ላይ ከ1024 በታች ያሉ ፖርቶች ልዩ ፈቃድ እንደሚጠይቁም አይርሱ።

ኮንትሮልፖርትን ለዓለም ሁሉ መክፈት ግን ከእስካሁኖቹ ሁሉ የከፋ ነው። ብዙ ጊዜ 9051 የሚሆነው ይህ ፖርት ቶርን ከሌላ ፕሮግራም ለማዘዝ የተሠራ ነው። ከ127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱን ከሚጠራበት አድራሻ) ውጭ እንዳያዳምጥ ያድርጉ፤ በይለፍ ቃል ወይም በኩኪ (ቶር በፋይል በሚያስቀምጠው ምስጢር) ማረጋገጫም ይጠብቁት። 9050ን የሚይዘው፣ የራስዎ ፕሮግራሞች ቶርን የሚጠቀሙበት ሶክስፖርትም እንዲሁ ለውጭ ሰው የሚከፈት አይደለም። ‹ሁሉንም ፖርት ልክፈትና ከሠራ በኋላ እዘጋዋለሁ› የሚለው አሠራር እነዚህን ሁለቱን አጋልጦ ይተዋል።

የቆዩ መመሪያዎች ዲርፖርትንም (የአቀባባዮች ዝርዝር የሚታደልበትን ፖርት) በ9030 ክፈቱ ይላሉ። ከቶር 0.4.6 ትውልድ ወዲህ ተራ አቀባባዮች አያስፈልጋቸውም፤ ያ ሥራ በኦአርፖርት በኩል ይከናወናል። አይፒቪ6 (አዲሱ የአይፒ አድራሻ ዓይነት) ካለዎት ለእሱ የተለየ የኦአርፖርት መስመር ይጻፉ፤ አድራሻውንም በማዕዘን ቅንፍ [ ] ውስጥ ያስገቡት። የተለመደው የአይፒቪ4 አድራሻ ግን የግድ ያስፈልጋል።

ድልድይ፣ ማለትም በይፋዊው ዝርዝር ላይ የማይወጣ አቀባባይ፣ የሚያቆም ሰው ከሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርበታል፤ በድልድይ የሚጠቀሙት ቶር በታገደባቸው ቦታዎች ያሉ ሰዎች ናቸውና። 9001 የቶር ፖርት ሆኖ የታወቀ ስለሆነ አጋጆች ኢንተርኔቱን ሲያስሱ ይፈልጉታል፤ ለድልድይ አይምረጡት። በኦብፍስ4 (የቶርን ግንኙነት ከአጋጆች በሚሸፍነው ዘዴ) የሚሠራ ድልድይ ከኦአርፖርቱ ሌላ የራሱ ፖርት አለው፤ ቁጥሩን ካልወሰኑለት ቶር በዘፈቀደ ይመርጥለታል። ያኔ ፋየርዎሉ ላይ የትኛውን እንደሚከፍቱ አያውቁም። ቶር የሚፈትነው ኦአርፖርቱን ብቻ ስለሆነም ሎጉ ሁሉም ደኅና ነው እያለ የኦብፍስ4 ፖርት ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን ከሌላ ኔትወርክ ሆነው ለብቻው ይሞክሩት።

አንዴ የሠራውን የድልድይ ፖርት ደግሞ እንደ ቀላል ነገር አይቀይሩት። ለተጠቃሚዎች የሚታደለው የድልድይ መስመር አድራሻውንና የፖርቱን ቁጥር የያዘ ነው፤ ቁጥሩ ሲለወጥ በእጃቸው ያለው መስመር ዋጋ ያጣል፤ አዲስ ማግኘት ደግሞ በታገደ ቦታ ላለ ሰው አስቸጋሪ ነው። መቀየሩ ግድ ከሆነ በፋየርዎሉ ላይ ወደ ድሮው ፖርት የሚመጣውን ወደ አዲሱ የሚያዞር ደንብ ያስገቡ፤ የሰርቨሩ አይፒ እስካልተለወጠ ድረስ የቀድሞው መስመር መሥራቱን ይቀጥላል።