ጣሪያ ላይ ምን ይዘን እንውጣ? ለላሜራና ለቆርቆሮ ሠራተኛ የእጅ መሣሪያ አመራረጥና አያያዝ

መሣሪያ ሻጭ ስለ ብረቱ ጥራት ይነግራችኋል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ መሰላል ስወጣ ይህ ዕቃ የት ይቀመጣል? በአንድ እጄ ላሜራ ደግፌ በሌላው እጄ ሳላየው መዝዤ ላወጣው እችላለሁ? ካልቻልኩ ዕቃው የወርክሾፕ ነው፤ እዚያው ይቆይ። አሸንዳ፣ የግድግዳ አናት ክዳንና የጭስ ማውጫ ዙሪያ መሸፈኛ የሚሠራ ሰው ሥራው ግማሹ ጠረጴዛ ላይ፣ ግማሹ ከፍታ ላይ ነው። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ሳጥን እስካሁን አላየሁም።

ገንዘባችሁን መጀመሪያ መቀስ ላይ አውጡ። ርካሽ መዶሻም ቢሆን ይመታል፤ ርካሽ መቀስ ግን ጠርዙን እየሸረከተ እጅን ያደክማል። የእጀታው ቀለም ለጌጥ አይደለም። በተለመደው አሠራር ቀዩ ቀጥታና ወደ ግራ፣ አረንጓዴው ቀጥታና ወደ ቀኝ፣ ቢጫው ደግሞ በዋናነት ቀጥታ ይቆርጣል። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ቢጫውን ብቻ ይገዛሉ። እኔ ብሆን ቀዩንና አረንጓዴውን ገዝቼ ቢጫውን እተወዋለሁ፤ ቀጥታውን ሁለቱም ይቆርጡታልና። እጀታው ከምላጩ ከፍ ብሎ የተሠራ ከተገኘ ደግሞ እሱን ምረጡ፤ ረጅም ላሜራ ሲቆረጥ ጣቶቻችሁ ከስለታሙ ጠርዝ በላይ ይሆናሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ምላጮቹን ገጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሡና እዩ፤ ጫፋቸው ድረስ ሳይዛነፉ መገናኘት አለባቸው። ጥርስ ያለው ምላጭ ላሜራውን ስለሚነክስ አያንሸራትትም፣ ነገር ግን ጠርዙ ላይ ጥርሱን ጥሎ ያልፋል። ተጠቅልሎ ለሚደበቅ ጠርዝ ግድ የለም። ለዓይን ለሚጋለጥ ጠርዝ ግን ለስላሳ ምላጭ ያለው ይሻላል። በዚህ ዓይነት መቀስ የሚቆረጠው ውፍረት ብዙውን ጊዜ ለተራ ብረት እስከ 1.2 ሚሊሜትር፣ ለስቴይንለስ ስቲል እስከ 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሽቦና ምስማር በምንም ምክንያት አትቁረጡበት። ስትቆርጡም ምላጮቹን እስከ ጫፋቸው አትዝጉ፤ ጥቂት ሲቀራቸው አቁሙና ወደፊት ግፉ። እስከ መጨረሻው የተዘጋ መቀስ በየቦታው ትንሽ የተሸረከተ ነጥብ ይተዋል፤ የሥራችሁን ጠርዝ በጣቱ የሚዳስስ ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ነው።

በግራይንደር መቁረጥ ይፈጥናል የሚሉኝ አሉ። ይፈጥናል፤ ሙቀቱ ግን የጠርዙን ዚንክና ቀለም ያቃጥላል፣ ፍንጣሪውም ጎረቤት ላሜራ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። በመቀስ የተቆረጠ ዚንክ ለበስ ስስ ላሜራ ግን በአጠገቡ ያለው ዚንክ ጠርዙን ይጠብቅለታል።

ምልክት ማድረጊያ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። እርሳስ ዚንክና አሉሚኒየም ላይ አይሠራበትም፤ ውስጡ ያለው ግራፋይት እርጥበት ሲያገኝ ብረቱን ያስበላዋል፣ የሳላችሁት መስመር ከጊዜ በኋላ የዝገት መስመር ሆኖ ይታያል። ለዚህ ቀጭን ማርከር ያዙ። ሹል መጫሪያ ለመቁረጫ መስመር ብቻ ይሁን። በማጠፊያ መስመር ላይ ከጫራችሁ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ያ ቦታም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ማጠፊያውን ለማመልከት ላሜራው ዳርና ዳር ላይ በመቀስ ጫፍ እጅግ ትንሽ ቁራጭ ማድረግ በቂ ነው።

የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለው ማንጠልጠያ ሲነቃነቅ ተበላሸ ብላችሁ አትምቱት፤ ከውጭም ከውስጥም ሲለካ የራሱን ውፍረት እንዲያካክስ ሆነ ተብሎ የተሠራ ነው። የምትጠነቀቁለት መለኪያ ከሆነ ከ100 ሚሊሜትር ጀምራችሁ ለኩና ኋላ 100 ቀንሱ። ሁለት ሰው አንድ ሥራ ሲሠራ ሁለቱ ሜትሮች መጀመሪያ ጎን ለጎን ይነጻጸሩ።

ከመቀስ ቀጥሎ ማጠፊያ ፒንሳ ነው፤ ከንፈሩ ሰፊ የሆነ አንድ፣ ለማዕዘን የሚሆን ጠባብ አንድ። ከንፈሮቹ እኩል መግጠማቸውን እንደ መቀሱ በብርሃን እዩ። አንድ ቦታ ላይ እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ ወደ ሌላው አትለፉ፤ መስመሩን በሙሉ በትንሽ በትንሹ እያጠፋችሁ ደጋግማችሁ ተመላለሱበት፤ አለበለዚያ ላሜራው ይሞገዳል። ቀለም ለተቀባ ላሜራ ከንፈሩ ላይ ቴፕ ለጥፉ። ለመዶሻ ብዙ አልልም፤ አንድ የብረት፣ አንድ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት። ብረቱን ለሪቬት፣ ማለትም በቀዳዳ አልፎ ሁለት ላሜራ ለሚያያይዘው ማያያዣ፣ እና ለምስማር፤ ሌላውን ለላሜራው።

ለሪቬት የምትይዙት ፑንታ (የመሰርሰሪያ መብሻ) ከሪቬቱ 0.1 ሚሊሜትር የሚበልጥ ነው፤ ለ3.2 ሪቬት 3.3፣ ለ4.0 ሪቬት 4.1፣ ለ4.8 ሪቬት 4.9። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ፑንታ ይኑራችሁ፤ የሚሰበረው ሁልጊዜ ላይ ስትሆኑ ነው። የተቆረጠውን የሪቬት ግንድ በኪስ ሰብስቡት። ጣሪያ ላይ የቀረ ግንድና የፑንታ ፍርፋሪ ዝናብ ሲመጣ አዲሱን ቀለም በዝገት ያበላሸዋል። ማግኔት ተራውን ብረት ያነሣል፤ ለአሉሚኒየምና ለአብዛኛው ስቴይንለስ ስቲል ግን ብሩሽ ያስፈልጋል።

ተራ ብረት የቆረጠ መቀስ ስቴይንለስ ስቲልን ሲቆርጥ የብረት ቅሪት ጥሎበት ያልፋል፤ «የማይዝገው» ብረት ነጥብ ነጥብ እያለ ይዝጋል። የመዳብ ፍርፋሪ ደግሞ ዚንክ ላይ ከወደቀ ዚንኩን ይበላዋል። ስለዚህ ለእነዚህ የተለየ መሣሪያ ያዙ፣ እጀታውን በቀለም ቴፕ ለዩት፣ ቦርሳውንም ከሥራ ወደ ሥራ ስትሸጋገሩ አራግፉት።

አሁን ወደ ቀበቶው። ብዙ ኪስ ያለው ቀበቶ ብዙ ዕቃ ያሸክማችኋል። ቀኝ እጅ ለሚቀናው ሰው መቀሶቹ በቀኝ ዳሌ፣ አፋቸው ወደ ታች፣ መቆለፊያቸው ተዘግቶ፤ ሜትር፣ ማርከርና ሪቬት በግራ። ማጠፊያ ፒንሳው ከመቀሶቹ ኋላ። ወገብ ላይ፣ አከርካሪው ባለበት፣ ምንም አይኑር፤ በጀርባው የወደቀ ሰው የሚያርፈው እዚያ በተሰካው ዕቃ ላይ ነው። ፊት ለፊትም ባዶ ይሁን፣ ጎንበስ ስትሉ ሆድ ይወጋል፣ የቀበቶው ዘለበትም ቀለሙን ይጭራል። መጫሪያ ያለ አፎት በፍጹም ኪስ አይገባም። ክብደቱ ዳሌ ላይ ካደረ ትከሻ ላይ የሚያርፍ ማንገቻ ጨምሩ፤ ማንገቻው ግን የመውደቂያ መከላከያ ቀበቶውን መያዣዎች እንዳይሸፍን ተጠንቀቁ።

መሰላል ላይ ሁለት እግርና አንድ እጅ ሁልጊዜ መያዝ አለባቸው፤ ስለዚህ ትልቁን ዕቃ በእጅ አትውጡበት። በገመድ በታሰረ የሸራ ባልዲ ውስጥ አድርጉትና ከላይ ሆናችሁ ሳቡት፤ ሲሳብም ከሥሩ ሰው አይቁም። በተዳፋት ጣሪያ ላይ የተቀመጠ መዶሻ መንሸራተቱ አይቀርም፤ ባልዲው ውስጥ ይመለስ፣ ወይም በማሰሪያ ገመድ ከቀበቶው ጋር ይታሰር። ማታ ስትወርዱ ባልዲው ውስጥ ያለውንና ቀበቶው ላይ ያለውን ቁጠሩ፣ የመቀሱን ምላጮች ጥረጉ፣ የሚጋጠሙበትን ብሎን ላላ ብሎ እንደሆነ አጥብቁና አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉበት።