ለቢሮ መስመር ከማስገባታችሁ በፊት

ለሱቅ ወይም ለቢሮ ኢንተርኔት ልታስገቡ ከሆነ፣ ከፍጥነቱ በፊት ወደ ሕንፃው የሚገባው መስመር መዳብ ይሁን ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያደርስ ቀጭን የመስታወት ክር) ጠይቁ። በመዳብ ስልክ መስመር ላይ የሚሠራው ኤዲኤስኤል የተባለው ኢንተርኔት ከስልክ ማዕከሉ በራቃችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የመላክ አቅሙ ደግሞ ከማውረዱ እጅግ ያነሰ ነው። ሥራችሁ የቪዲዮ ስብሰባ ወይም ከባድ ፋይል መላክ ከሆነ ይህ ያማርራል። ፋይበር ካለ አታመንቱ።

ቁጥሩም ያታልላል። በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ማለት 10 ሜጋ ባይት አይደለም፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ይካፈላል፣ 1.25 ሜጋ ባይት ይሆናል። 100 ሜጋ ባይት ፋይል ለማውረድ፣ ሁሉም ነገር ቢሳካ እንኳ፣ 80 ሰከንድ ይፈጃል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው መብራትን ነው። የድሮው የመዳብ ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከማዕከሉ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። በፋይበር የሚመጣው ስልክ ግን ፋይበሩ የሚገባባት፣ ግድግዳው ላይ ያለችው ሣጥን መብራት አጥታ ስትጠፋ አብሮ ድምፁ ይጠፋል። ለሣጥኗና ለራውተሩ ብቻ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ግዙ፤ ኮምፒውተርም ሆነ ማተሚያ እንዳትሰኩበት፣ ባትሪውን ወዲያው ይጨርሱታል።

መጠባበቂያውን ከሌላ ኩባንያ ውሰዱ። ዋናው መስመር የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ፣ አካባቢያችሁን የሚሸፍን ከሆነ የሳፋሪኮም ሲም የገባበት የፎርጂ ራውተር ይበቃል። ከአንዱ ኩባንያ ሁለት መስመር መግዛት ግን እምብዛም አያስጥልም፤ ኔትወርኩ ሲበላሽ ሁለቱም ሊቋረጡ ይችላሉ።

ደንበኛ የሚደውልበትን ቁጥር ደግሞ በድርጅቱ ስም አስመዝግቡ። በሠራተኛ ስም የወጣ ቁጥር፣ ሠራተኛው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል።