ጫጩት ሲሞቀው፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ዶሮ አያልባትም። የላብ ዕጢ ስለሌላት ሙቀቷን የምታስወጣው በትንፋሿ፣ ላባ በሌለው እግሯ፣ ክንፏን ከፈት አድርጋ በምታስገባው አየርና ራሷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ነው። ጫጩት ደግሞ ያ ቀይ ሥጋ እንኳን ገና አላደገለትም። ስለዚህ ሙቀት ሲበረታ ጫጩቶቻችሁ ቢረበሹ፣ ቢጮኹ፣ ቢነካከሱ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት አየሩን፣ ውሃውንና ቦታውን ፈትሹ። እኔ ያጋጠመኝ የሙቀት ችግር አብዛኛው እዚያው ነው የተፈታው።

ከማሞቂያው አምፖል ሸሽተው ጥግ ጥጉን ይዘዋል

ሙቀቱ በዝቶባቸዋል ማለት ነው። ብዙ ሰው "ጫጩት ሙቀት ይወዳል" ሲባል ሰምቶ አምፖሉን ቀን ከሌት ያበራዋል። እውነት ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሳችሁ ወደ 21 ታወርዱታላችሁ። እንግዲህ ቀን ላይ ክፍሉ ራሱ 30 ከገባ የሦስት ሳምንት ጫጩት አምፖል ምን ያደርግለታል? ቀን አጥፉት፣ ማታ ሲቀዘቅዝ አብሩት። ገና የቀናት ዕድሜ ያላቸው ከሆኑ ደግሞ አታጥፉት፣ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ስትሰቅሉት ሳጥኑ መሃል ላይ ሳይሆን አንድ ጫፍ ላይ ይሁን፤ መሃል ላይ ከሆነ የሚሸሹበት ያጣሉ።

ቴርሞሜትር ካላችሁ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በጫጩቱ ጀርባ ከፍታ ላይ አድርጉት። ከቴርሞሜትሩ በላይ ግን እኔ የማምነው አቀማመጣቸውን ነው። አምፖሉ ሥር ተጠቅጥቀው ካሉ በርዷቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ካደሉ ከሌላው ጎን ነፋስ እየገባ ነው። በየቦታው ተበትነው አንዱ ሲበላ፣ አንዱ ሲተኛ፣ አንዱ ሲጭር ካያችሁ ልክ ነው፣ ምንም አትንኩ።

አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ

እያለከለኩ ክንፋቸውን ከጎናቸው አርቀው ከቆሙ ሙቀቱ ከአቅማቸው በላይ እየሆነ ነው። "ይለምዱታል" ብሎ መተው አይሆንም። ሲያለከልኩ ውሃ ብቻ አይደለም የሚያጡት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከመጠን በላይ ስለሚወጣ የደማቸው ሚዛን ይዛባል።

መጀመሪያ አየር ስጧቸው። አንድ መስኮት መክፈት ብዙም አይረዳም፣ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ከላይ እንደ ምጣድ ሙቀት ይለቅባቸዋል፤ ላዩን ሣር ወይም ጭድ አልብሱት፣ ካልሆነም ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ልዩነቱን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ጉዝጓዙ ወፍራምና እርጥብ ከሆነ እሱም ከሥር ይሞቃል፤ አውጡና ወደ 5 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን ደረቅ ሳጋቱራ ብቻ አንጥፉ። ከተጨናነቁም ለሁለት ክፈሏቸው፤ እርስ በርስ የሚሟሟቁት በራሳቸው ገላ ነውና ይሄ ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል። ቬንትሌተር ላባ ላወጡት ጥሩ ነው፣ ለሳምንት ጫጩት ግን ቀጥታ አታዙሩበት። ውሃ መርጨትም አየሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው የሚሠራው። አየሩ ራሱ እርጥብ ከሆነ ትንፋሻቸው አይተንም፣ የባሰ ታፍኗቸዋላችሁ።

አንድ ነገር ግን ለዩልኝ። ጎህ ሲቀድ፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ ሄዳችሁ እዩአቸው። በዚያ ሰዓትም አፋቸውን ከከፈቱ፣ ሲተነፍሱ የሚያንኮራፋ ድምፅ ካለ፣ ከአፍንጫቸው ፈሳሽ ከወጣ ወይም ዓይናቸው ካበጠ ጉዳዩ ሙቀት አይደለም፣ የመተንፈሻ በሽታ ሳይሆን አይቀርም። የታመሙትን ለዩና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ውሃ ቀርቦላቸው አይጠጡም

አንድ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጫጩቶቼ መጠጫውን ከበው ቆመው አገኘኋቸው። ምንቃራቸውን ያስገባሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይመለሳሉ። መጠጫው ግማሽ ድረስ ሙሉ ነው። ጣቴን ነከር ሳደርገው ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ ይመስላል፣ ለብ ብሏል። ጠዋት ቀድቼ አምፖሉ አጠገብ የተውኩት ነበር። ደፍቼ ቀዝቃዛ ቀዳሁና ወደ ጥላው ጎን አዞርኩት፤ እየተጋፉ ጠጡ። አንዷ ራሷን ቀና አድርጋ ስትውጥ ጠብታዋ ምንቃሯ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ጫጩት ሞተውብኝ ነበር፣ ምክንያቱንም ሌላ ቦታ ስፈልግ ነበር የከረምኩት።

ዶሮ ለብ ያለ ውሃ አትወድም። በሙቀት ጊዜ ደግሞ የምትፈልገው ውሃ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ስለዚህ ከረፋድ ጀምሮ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ መጠጫ ጨምሩ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ አታድርጉ፤ ጉልበተኞቹ አንዱን ከበው ደካሞቹን ይከለክላሉ። ሰሃን ከሆነ ውስጡ ጠጠር አድርጉበት፣ ትንንሾቹ እንዳይሰምጡ። ኤሌክትሮላይት (የሰውነትን ጨው የሚተካ ዱቄት) ካገኛችሁ በጣም በሞቀ ቀን እንደ መመሪያው በጥብጣችሁ ስጡ፣ ለአንድ ሁለት ቀን እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። በጎን ንጹህ ውሃም ይኑር።

መኖ ይተዋሉ

ይሄ ብዙ አያስጨንቅም። መኖ ሆዳቸው ውስጥ ሲፈጭ ሙቀት ያመነጫል፣ እነሱም ያውቁታልና ይተዉታል። ትንሽ ከፍ ላሉት ዋናውን መኖ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ሲበርድ ስጡ፤ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ባይበሉ ምንም አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሉትን ግን መኖ አትከልክሏቸው።

ቂጣቸው ላይ ኩስ ደርቋል

ሙቀት ሲበዛባቸውና ውሃ ሲያንሳቸው ይመጣል። ብርድም ያመጣዋል። ካልተነሳ መውጫውን ይደፍነውና ይሞታሉ። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ያዙበት፣ ሲለሰልስ ቀስ ብላችሁ አንሱት። በደረቁ አትሳቡት፣ ቆዳው አብሮ ይነሳል። አድርቃችሁ መልሱና ሙቀቱን አስተካክሉ። ኩሱ ቀጠን ማለቱ ብቻውን አያስደንግጣችሁ፣ ብዙ ውሃ ስለጠጡ ነው። ደም ካያችሁበት ግን ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ በእርጥብና ሞቃት ጉዝጓዝ ላይ ይስፋፋል፣ ሳትዘገዩ ሐኪም ጠይቁ።

ይነካከሳሉ፣ አይረጋጉም

ሙቀት፣ ጥበትና ደማቅ ብርሃን ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ላባ መንጨት ይጀምራል። ደም ከታየ ሁሉም እዚያው ላይ ይረባረባል። የቆሰለውን ወዲያው ለይታችሁ አውጡ፣ ነገ አትበሉ፣ ነገ ላይገኝ ይችላል። ነጩን አምፖል በቀይ ቀይሩት፣ ቀይ ብርሃን ደሙን ይሸፍንባቸዋል። በመስኮት የሚገባውን ፀሐይ በጨርቅ ጋርዱ። የሚጭሩት ነገርም ስጧቸው፤ አንድ እፍኝ ጭድ ወይም የታሰረ ቅጠል አንጠልጥሉላቸው። ሥራ ያላት ጫጩት ጓደኛዋን አትነካም።

ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቀኑን ሙሉ ሲቃጠሉ ውለው ድንገት ሲቀዘቅዝ ወይም መብራት ሲጠፋ ጥግ ላይ ይከመራሉ፣ ከሥር ያሉት ታፍነው ያድራሉ። ጥጎቹን በካርቶን አጥፋችሁ ክብ አድርጓቸው። ማሞቂያውንም ቅዝቃዜው ሳይመጣ አብሩት።

አንዱ ወድቆ አይነሳም

ወደ ጥላ አውጡት። እግሩን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ ከክንፉ ሥር አርጥቡ። በረዶ የመሰለ ውሃ አትጠቀሙ፣ ድንጋጤው ራሱ ይገድለዋል። አፉን ከፍታችሁ ውሃ አታፍስሱበት፣ ሳንባው ይገባል፤ ጠብታ ምንቃሩ ጎን ላይ አድርጉ፣ ራሱ ይውጠዋል። ሲቆም ለብቻው ጸጥ ያለ ቦታ ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር ቀላቅሉት።

ጫጩት ሲተኛም እግሩንና ክንፉን ዘርግቶ፣ አንገቱን መሬት ላይ ጥሎ የሞተ ይመስላል። ለማንሳት ከመቸኮላችሁ በፊት ሳጥኑን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉ። ደህና ከሆነ ራሱን ቀና አድርጎ ያያችኋል፣ ካላነሳ ነው ውሃው የሚመጣው።