በቢልድሩት (ለመሣሪያዎች የሊኑክስ ሲስተም በሚገነባው ቱል) ለምትሠሩ፦ የፓኬጅ ቨርዥኖቹን ከኢሜጁ (መሣሪያው ላይ ከሚጫነው የሲስተም ፋይል) ጋር አስቀምጡ

ከ5 ዓመት በፊት የተሸጠ መሣሪያ ላይ የደህንነት ቀዳዳ አለ ሲባል «የትኛው የኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) ቨርዥን ነበር የገባበት?» ብሎ መፈለግ በጣም ያደክማል። ኢሜጁን እንዳወጣችሁ፣ ኮንፊጉን (የቢልዱን ምርጫዎች) ሳትነኩ፣ እዚያው «ሜክ ሌጋል-ኢንፎ» (make legal-info) የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ስሙ የላይሰንስ ጉዳይ ብቻ ያስመስለዋል እንጂ ማኒፌስት በሚባለው የሲኤስቪ ፋይል ውስጥ የእያንዳንዱ ፓኬጅ ስምና ቨርዥን በየመስመሩ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ኮንፊጉና የሶርስ ኮዱ ታርቦልም (የታሸገ ፋይል) አብረው ስለሚቀመጡ በኋላ የዳውንሎድ ሊንኩ ቢጠፋ እንኳ ቅጂው እጃችሁ ላይ ነው። ይህ ሁሉ የሚገባበትን ፎልደር በሪሊዙ ቁጥር ሰይማችሁ ከኢሜጁ ጎን አኑሩት።

ግን ሌጋል-ኢንፎ የቢልድሩትን የራሱን ኮድ አይዝም፣ የጊት ኮሚቱን (የኮዱን ሥሪት መለያ) ለብቻ መዝግቡ። ዳግም እንዳይሰራጩ ምልክት የተደረገባቸው ፓኬጆች ሶርስም አይገባም፤ እነሱን በእጅ ኮፒ አድርጉ።