ሪበን ማይክሮፎን ለጊታር አምፕሊፋየር፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አነስተኛ ስቱዲዮ ያለውና የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየርን በሪበን ማይክሮፎን ለመቅረጽ ያሰበ ሰው፣ ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት ማይክሮፎኑ የሚቆምበትን ክፍልና የሚሰካበትን መሣሪያ መመርመር ይኖርበታል። «ማይኩ አይሠራም» ተብሎ የሚመለሰው ዕቃ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከቦታው ጋር አለመስማማቱ ነው።

ድምፁ አንሶ «ሽሽ» የሚል ከተሰማ

ሪበን ማይክሮፎን ድምፅን የሚይዘው በማግኔት መካከል በተንጠለጠለ፣ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ በሆነ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ስለሆነ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ እጅግ አነስተኛ ነው። አምፕሊፋየሩ ከፍ ብሎ ሲሠራ ይህ አያስቸግርም፤ የባቲን ቅኝት በለዘበ ድምፅ የሚጫወት ጊታር ግን ከኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተር ጋር ከሚያገናኘው መሣሪያ) 60 ዴሲቤል ያህል ጌይን፣ ማለትም ማጉላት፣ ሊፈልግ ይችላል፤ ርካሽ ኢንተርፌስም እዚያ ሲደርስ የራሱን ጫጫታ ያሰማል። መፍትሔው በኬብሉ መካከል የሚገባና 25 ዴሲቤል ገደማ የሚጨምር አነስተኛ ማጉያ መጠቀም፣ ወይም እንደ ሮየር አር-122 ማጉያው በውስጡ ያለውን ሪበን መምረጥ ነው። የኢንተርፌሱ የግቤት ኢምፔዳንስም (ለሚገባው ኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም፣ በኦም የሚለካ) ከማይክሮፎኑ ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን፤ 300 ኦም ለሆነ ማይክሮፎን 1,500 ኦም ማለት ነው።

ድምፁ ታፍኖ ቤዝ ከበዛበት

ሪበን ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ምንጩ በተጠጋ ቁጥር ቤዙ ከሌሎች ማይክሮፎኖች ይበልጥ ያብጣል። ስለዚህ ኢኳላይዘር (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ መጠን ማስተካከያ) ከመንካት በፊት ማይክሮፎኑን ከስፒከሩ ጨርቅ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ማራቅና ወደ ስፒከሩ መሐል ማስጠጋት ይበጃል፤ መሐሉ ይበልጥ የጠራ ድምፅ ይሰጣልና።

የክፍሉ ድምፅ አብሮ ከተቀዳ

ለአካባቢያችን ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። አብዛኛው ሪበን ከፊቱና ከኋላው እኩል ይሰማል፤ በጎኖቹ፣ በላዩና በታቹ ግን ደንቆሮ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ጠባይ በክረምት ዝናብ ቆርቆሮው በሚንጫጫበት ክፍል ትልቅ ጥቅም አለው፤ የማይክሮፎኑ ፊት በአግድም ወደ ስፒከሩ እስካየ ድረስ ጣሪያው ከማይሰማበት አቅጣጫ ላይ ይወድቃል። ነገር ግን አምፕሊፋየሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ማይክሮፎኑ ወደ ታች ካጎነበሰ ጀርባው ቆርቆሮውን ማየት ይጀምራል፤ ዝናቡም ከጊታሩ እኩል ይገባል። እንግዲህ ማይክሮፎኑን ከማዘንበል ይልቅ አምፕሊፋየሩን በጠንካራ ዱካ ወይም ሣጥን ላይ ከፍ አድርጎ፣ ከማይክሮፎኑ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ማንጠልጠል ነው። ክፍሉ በጣም ጠባብ ሆኖ ይህም ካልረዳ፣ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀንሰውን ቤየርዳይናሚክ ኤም 160 መምረጥ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሌላ ማይክሮፎን ጋር ሲደመር ድምፁ ከሳሳ

ሪበኑን ሹር ኤስኤም 57 ከተባለው ማይክሮፎን ጋር አጣምሮ መቅረጽ የተለመደ ነው። ድምፁ ከሳሳ የአንዱን ፖላሪቲ (የሲግናሉን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አቅጣጫ) መገልበጥ፣ ከዚያም ሁለቱን ከስፒከሩ እኩል ርቀት ላይ ማቆም ነው።

ድምፁ በድንገት ከደከመ ወይም ከተንኮሻኮሸ

ጥብጣቡ ተለጥጧል ወይም ተበጥሷል። መንስኤው አንድም ንፋስ ነው፤ ማይክሮፎንን በትንፋሽ መሞከር እንኳ ሊጎዳው ይችላል፣ በደሴ ንፋስ ያለ መሸፈኛ ከክፍል ወደ ክፍል ማዘዋወርም እንዲሁ። አንድም በኮምቦልቻ የብረት ሥራ በሚካሄድበት አካባቢ እንደሚገኘው ያለ የብረት ብናኝ በማግኔቱ ተስቦ ገብቶበታል። ወይም ደግሞ ሽቦው የተበላሸ ኬብል ፋንተም ፓወርን (ኢንተርፌሱ በማይክሮፎን ኬብል የሚልከውን 48 ቮልት ኤሌክትሪክ) በጥብጣቡ ውስጥ አሳልፎበታል፤ ኬብሉ ጤነኛ ሲሆን 48 ቮልቱ ማጉያ የሌለውን ሪበን እንኳ በተለምዶ አይጎዳውም። የተለጠጠ ጥብጣብ በቤት ውስጥ አይጠገንም፤ ጥብጣብ የሚቀይር ባለሙያ ዘንድ መላክ ግድ ነው። አዲሱ ተገጥሞ ሲመለስ ኬብሉን በመልቲሜትር መርምሩ፣ ፋንተም ፓወሩን አጥፍታችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ሰኩት፣ ሥራ ሲያበቃም ሸፍናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።